ከምስማር እስከ ምስማር

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዱሬቲ የምትባል ከአምቦ የመጣች ተማሪ ናት። ለማስተርሷ የምታጠናው አፈሩን ነው፤ ቤቱን አይደለም። ቤቱ አፈሩ የሚያደርገውን ይናገርልኛል አለች። ጊንጪ ውስጥ መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የተሠሩና የተሰነጠቁ አሥራ ሁለት ቤቶች መርጣለች። መረሬ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቤቱንም ከነሰዉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልግ እንደነበር አላውቅም ነበር።

የእኔ ስንጥቅ ጓዳው ከሳሎኑ የሚቀጠልበት ቦታ ላይ ነው። ከወለል ተነስቶ ጣሪያ ይደርሳል፤ ላይኛው ጫፍ ጣቴን ያስገባል። ዱሬቲ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ምስማር መታች። ካሊፐር የሚሉት የብረት መለኪያ ሰጠችኝ። በየቀኑ ጠዋት ከምስማር እስከ ምስማር ያለውን ለክቼ መጻፍ ነው።

«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ አይደል አዴ ባየሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኳት። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ መማሬን አልነገርኳትም።

የቀኙ ገጽ የእሷ ነው፤ ቀንና ቁጥር። የግራው ባዶ ነው። ወረቀት ሲባክን ስለማልወድ እዚህ እጽፋለሁ።

ዛሬ 40 ሚሊ ሜትር። ውሃ ሦስት ጀሪካን ቀድቻለሁ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

40። ቦኖው ተዘግቶ ዋለ፤ ውሃ የለም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

41። ውሃ ሦስት።

አጥር የምትጋራኝ ኤቢሴ ቦኖ ላይ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ «አንቺ ባየሽ፣ ለአንድ ነፍስ በሳምንት ዘጠኝ ጀሪካን ምን ይሠራልሻል?» አለችኝ።

«እታጠብበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነጪም?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ጀሪካኔን ዘግቼ ሄድኩ። ኤቢሴ ክፉ አይደለችም። አፏ ብቻ በር የለውም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

42። ውሃ ሦስት።

ዱሬቲ ጓዳውን ከውስጥ ልይ አለች። ሽንኩርት የማስቀምጥበት ክፍል ነው። አልጋው ለምን ተነጥፎ እንደተቀመጠ ጠየቀችኝ። ከባድ ስለሆነ አላነሳሁትም አልኳት። አንሶላውንስ ማን ነው በየወሩ የሚያጥበው ብላ ብትጠይቀኝ ምን እመልስ ነበር? ደግነቱ የምትጠይቀው ስለ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ካሊፐሯን እየጠራረገች፣ «ልጆች አሉዎት?» አለች።

«አንዲት ነበረችኝ።»

ደነገጠች። ብድግ ብላ «ነፍስ ይማር» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ማታ፦ ሃዋኒ አምቦ ነው ያለችው። ከዚህ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ጠዋት ጠዋት የአምቦ መኪና ረዳት በሬ ላይ ቆሞ «አምቦ፣ አምቦ፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። በቁሟ ያለች ልጄን ነፍስ ይማር ሲሏት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከአፌ ብቻ ሳይሆን ከዝምታዬም ክፉ ነገር ይወጣል ማለት ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

43። ውሃ ሦስት። ወገቤን አሞኛል።

መጋቢት 14፣ እሑድ

43። ውሃ አራት። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል።

ከጓዳው ጀርባ ያለው ኮክ ዘንድሮ ዘግይቶ አበባ አወጣ። ሃዋኒ በአሥር ዓመቷ ፍሬውን በልታ ዘሩን ግድግዳው ስር ቀበረችው፣ ይበቅላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቁመቷ ላይ ሲደርስ አባቷ ጀቤሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሥሩ ቤት ይገፋል» ብሎ መጥረቢያ አነሳ። ግንዱን አቅፋ አለቀሰች። መጥረቢያውን መልሶ እንጨት ቤት ጣለው። አባቷ እንዲህ ነበር። አይሆንም ማለት እኔ ላይ የወደቀ ሥራ ነው፣ በመጨረሻም በዚያው የተነሳ ተጠላሁ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

45። ውሃ ሦስት።

ዱሬቲ በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ይዛ መጣች። በየወሩ የቤቱን አራት ማዕዘኖች ከፍታ ትለካበታለች። ዛሬ አይታ፣ ጽፋ፣ እንደገና አየች። ሦስቱ ማዕዘኖች እንደ ጎረቤቶቹ ቤት ሁሉ በድርቁ ዝቅ ብለዋል። አራተኛው፣ የጓዳው ጀርባ ያለው፣ ከፍ ብሏል።

«እንዲህ አይሆንም» አለች። «በዚህ ፀሐይ መሬት አያብጥም።»

«መነጽርሽ ተሳስቶ ይሆናል» አልኳት።

ኮኩ ስር የበተንኩትን ጭድ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዶሮዎች ይጭሩበታል አልኩ። ዶሮ የለኝም። ደግነቱ ይህንንም አልጠየቀችም።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

46። ኤቢሴ ዶሮ ወጥ በሳህን በአጥር ላይ አቀበለችኝ። «እንኳን አደረሰሽ» ተባባልን። የቀረውን ቀን በሩ ላይ ተቀምጬ ከአምቦ የሚመጡትን መኪኖች ሳይ ዋልኩ። ሰው ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ይወርዳል። ሰው ሲወርድ ማየት የተከለከለ አይደለም።

የልጅ ልጅ እንዳለችኝ ከሰው አፍ ሰምቻለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው አሉ። ሄቨን ብለው ሰየሟት። ሄቨን ምን ማለት ነው?

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

46። ውሃ ሦስት።

ዱሬቲ ዓይኗ አብጦ መጣች። የሚያማክራት መምህር የቤቴን ቁጥር አይቶ፣ «ወይ መለካት አትችይም፣ ወይ ቁጥሩን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ፈጥረሽዋል» አላት። ይህ ቤት ምክንያቱ ካልታወቀ ሌሎቹን አሥራ አንድ ቤቶችም አላምንም ብሏታል። ያ ማለት ዓመቱን ሙሉ እንደገና መጀመር ነው። ለዚያ የሚሆን ነገር ደግሞ ቤተሰቦቿ የላቸውም።

ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «አዴ ባየሽ፣ በጓዳው ጀርባ ውሃ የሚደፋ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ማን ይደፋል?»

አመሰገነችኝ። ለውሸት አመሰገነችኝ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋትና በላች።

እውነቱን ብነግራት ኮኩን ለምን ያጠጡታል ትላለች። የሃዋኒ ስለሆነ ነዋ ልላት ነው። ከዚያ ወሬው ኤቢሴ ጋ ይደርሳል፣ ኤቢሴ ጋ የደረሰ ደግሞ ቦኖ ደረሰ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ «ልጅ የለኝም፣ ስሟን አታንሱብኝ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠርጓ ላይ ያልተገኘሁት ንቄ እንደሆነ አገር ያውቃል። አገር የሚያውቀው ይህን ነው።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

46። ውሃ የለም። ልትመጣ ስለነበር አላጠጣሁም።

ዱሬቲ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ከኮኩ አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረች። አንድ ሜትር ወርዳ ያወጣችው አፈር እንደ ሊጥ እጇ ላይ ተጣበቀ። በሌላው ማዕዘን ያወጣችው ድንጋይ ነው። ተንበርክካ አሸተተችው።

«ከስር ምንጭ ሊኖር ይችላል» አለች። ፊቷ በራ። ምንጭ ከሆነ ምክንያት አገኘች ማለት ነው። ምክንያት ካገኘች መምህሩ ያምናታል።

ኤቢሴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ነበር። «ምን አለች? ምንጭ አለች?»

እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ፣ ልደታ

47። የሰፈር ሴቶች እንደ ወትሮው ከቤት ውጭ ንፍሮ ቀቅለን ተሰበሰብን። እኔ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዷ አምቦ ውሃ ነው፣ ከመሬት ስር ለስር መጥቶ ነው አለች። ሌላዋ በዚያ ቤት ያውም በልደታ ሰሞን ከሆነ ጠበል ነው እንጂ አለች። ኤቢሴ፣ «ጠበል ከሆነማ ባየሽን ቀድሞ ያጥባት ነበር» አለች። ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ቀስ ብላ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ፣ «ለጉልበቴ ትንሽ ጭቃ አላገኝም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

47።

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት በሬን ስከፍት አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ጀሪካን የያዘ አለ፣ ፌስታል የያዘ አለ። ኤቢሴ እንደ ባለቤት ከፊት ሆና ተራ ታስይዛለች። አልከለከልኳቸውም። በጓሮ በኩል ዞረው ዱሬቲ ከቆፈረችው ጉድጓድ ጭቃ ይዝቁ ጀመር።

ከዚያ ወለተ ማርያም መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ዓይናቸው ሞራ ከለበሰ ቆይቷል። አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ ወደ ጉድጓዱ አቀረበቻቸው። በሁለት ጣታቸው ጭቃውን አነሱ፣ በስመ አብ ብለው ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

እጃቸውን ያዝኩ።

«ተዪኝ እንጂ ባየሽ፣ ለሌላው ፈቅደሽ ለእኔ ትከለክያለሽ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ጠበል አይደለም። የቦኖ ውሃ ነው። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

ኤቢሴ፣ «ምን ብለሽ ነው የምታፈሺው?» አለች።

«ለኮኩ ነው።»

«ለሃዋኒ ኮክ?»

ዘጠኙ ጀሪካን በዓይኗ ሲያልፍ አየሁት። እስቃለሁ ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጭቃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ መልሰው አንድ በአንድ ወጡ፤ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የወለተ ማርያምን ጣቶች በነጠላዬ ጠረግኩ። «ትመጣለች» አሉኝ። «እኔ አይደለሁም ወይ መሄድ ያለብኝ?» ብዬ አሰብኩ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

47። ከረቡዕ ወዲህ አላጠጣሁም።

ዱሬቲ ስትመጣ ኤቢሴ መንገድ ላይ አግኝታ ሁሉንም ነግራታለች። ሰላም አላለችኝም።

«በሕይወት አለች?» አለችኝ መጀመሪያ።

«አለች።»

«እኔ ነፍስ ይማር ስል ዝም አሉኝ።»

«አዎ።»

«ውሃ የሚደፋ አለ ስልም ዝም አሉኝ።»

«ያንን እንኳ ዝም አላልኩም። ዋሸሁሽ።»

ዞራ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መሰለኝ። ስትዞር ግን በንዴት እየሳቀች ነበር። አንድ ወር ተኩል ሙሉ ምክንያቱን ስፈልግ ከረምኩ አለች። ለመምህሯ የጻፈችው ደብዳቤ እንኳ «የከርሰ ምድር ውሃ» የሚል ቃል አምስት ጊዜ አለበት። ቢያንስ መቼ መቼ እንዳጠጣሁ አስታውስ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህን ደብተር አወጣሁ። የግራውን ገጽ አላሳየኋትም። ቁጥሩን ብቻ በሌላ ወረቀት ገለበጥኩላት፦ ቀኑን፣ ጀሪካኑን፣ የቀረሁበትን ቀን። እየቆጠረች አንድ ጀሪካን ሃያ ሊትር እያለች ታባዛለች። ወረቀቱ ሲያልቅ እጇ ቆመ።

«አዴ ባየሽ፣ ይህን ያህል ልክ ያለው ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ አላገኝም» አለች። «አሁን ማዕዘኑ ለምን ከፍ እንዳለ ማስረዳት እችላለሁ። በአንድ በኩል ብቻ የጠጣ መረሬ ቤት ምን እንደሚያደርግ።»

«ቤቴን ምን አደረገው?»

አንዱን ጎን አንስቶ ሌላውን ስለጣለው ነው የሚቀደደው አለችኝ። ዛፉም ከግድግዳው አንድ ሜትር አይሞላም፤ ካላጠጣሁት ሥሩ የመሬቱን እርጥበት ይመጥና ማዕዘኑ ይሰምጣል፣ ካጠጣሁት ያብጣል። «ወይ ዛፉ ወይ ጓዳው» አለች። ከዚያ አልጋው ትዝ ብሏት መሰለኝ ወደ መሬት አየች።

ልትሄድ ስትል ጠየቅኋት፦ «ሄቨን ምን ማለት ነው?»

«ሰማይ ማለት ነው። መንግሥተ ሰማያት። ለምን?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ግንቦት 15፣ ዓርብ

47። ዝናብ አሁንም የለም። የኮኩ ቅጠል ጫፉ ተጠቀለለ። ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። አሁን ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ሃዋኒ ተሬፋን አገባለሁ ስትለኝ አይሆንም አልኩ። መምህር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ጴንጤ ነው። «እሱን ካገባሽ እናት የለሽም» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ አልኩ። ከወጣች ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 2010፣ አንድ የአምቦ ሹፌር ደብዳቤ ሰጠኝ። ከልጅሽ ነው አለኝ።

ማንበብ አልችልም ነበር። ለሰው ላስነብብ ብል ልጄ ምን እያለች እንደምትሰድበኝ ጊንጪ ሁሉ ይሰማል። ስድብ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ እኔ ብሆን እሰድብ ነበር። ሳልከፍተው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩትና ለመማር ወሰንኩ። ያኔ በከተማው የጎልማሶች ትምህርት በኦሮምኛ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ይሰጥ ነበር። እዚያ ብሄድ በስተርጅና ምን አስተማራት ይሉኛል። ጡረታ የወጡት መምህር ኦቦ ጉርሙ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለአሮጊቶች ፊደል ያስተምሩ ነበር፣ ውዳሴ ማርያም እንድንደግም። እዚያ ገባሁ። ለጸሎት ነው ብል ማን ይጠይቀኛል?

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ኦቦ ጉርሙ «ባየሽ፣ ከሁሉም የምትቸኩዪ አንቺ ነሽ፤ ወዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። ውዳሴ ማርያምን ያለ ጣት ያነበብኩ ዕለት ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና የደብዳቤውን ፖስታ ቀደድኩት።

ቁቤ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የተማረችው በቁቤ ነው፤ ያንን ደግሞ አውቅ ነበር፣ ፊደል ሁሉ አንድ መስሎኝ እንጂ። አንዲት ፊደል አልለየሁም። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ አገላብጬ አየሁት። ምንም ሳልማር እንኳ እንዲያ መሃይም የሆንኩ አልመሰለኝም።

አንዴ በኤቢሴ ስልክ ደውላ ነበር። «የለችም በያት» አልኩ። ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

47።

ደብዳቤውን ለዱሬቲ ሰጠኋት። ጠዋት ላይ፣ በሩን ከፍቼ። ኤቢሴ አጥሩ ጋ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ ትስማ አልኩ።

«ኦሮምኛውን ላንብበው ወይስ ወደ አማርኛ ልመልሰው?»

«ኦሮምኛ እሰማለሁ። እንዳለ አንብቢው።»

መጀመሪያው «ሃርሜ ኮ» ይላል። እናቴ ማለት ነው። የቀረውን እንደሰማሁት በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ሃርሜ ኮ። ያልሽኝን ከንዴት እንጂ ከልብሽ እንዳልተናገርሽው አውቃለሁ። ሠርጋችን በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ቅዳሜ ነው። ተሬፋ ወንበርሽን ከፊት አድርጓል። ማተብሽን አውልቂ ያለሽ የለም፤ መጥተሽ ተቀመጪ ብቻ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቤት አልወጣም፣ እጠብቅሻለሁ። ኮኩን ግን አስቆርጪው። አባዬ እውነቱን ነበር፣ ጓዳውን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። እኔ እንዳላለቅስ ብላችሁ ነው የተዋችሁት። አሁን ትልቅ ነኝ፣ አላለቅስም።»

ዱሬቲ አንብባ ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ኤቢሴ ጎመኗን ትታለች።

ሰባት ዓመት አጠጣሁት። ቁረጪው ያለችኝን።

ኤቢሴ በአጥሩ ላይ፣ «እና ንቀሽ አይደለም የቀረሽው?» አለች።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«ማንበብ አልቻልኩም ማለት ነበረብኛ።»

«አንቺ ሴትዮ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ዱሬቲ የሃዋኒን ስልክ ቁጥር አፈላልጋ ልታገናኘኝ ብላ ነበር። ተዪው አልኳት። በስልክ ዝም ማለት ቀላል ነው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

47። ሌሊቱን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ኮኩ ቀና አለ። የሰማይ ውሃ ግራና ቀኝ አይልም፤ አራቱም ማዕዘን እኩል ጠጣ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

44። በአንድ ሳምንት ሦስት ሚሊ ገጠመ። ዱሬቲ እኔ ለክቼ የነገርኳትን ራሷ ደግማ ለካችው። ልክ ነው። መምህሯ የውሃውን ወረቀት አይቶ፣ ይህን ቤት ለብቻው ምዕራፍ አድርጊው ብሏታል። ስሜ እንዲገባ ጠየቀችኝ። «ቤት ቁጥር 12 በይው» አልኳት።

ኮኩ በስሏል። አንዱን ቀምሼ ተውኩት። እንዲህ ጣፋጭ እንደሆነ ረስቼ ነበር፤ ሰባት ዓመት ፍሬውን ለኤቢሴ ፍየል ነው የሰጠሁት።

መጥረቢያው እንጨት ቤት ጀቤሳ በጣለው ቦታ አለ። እኔ ግን አልቆርጠውም፤ ከወረቀት ላይ በሰማሁት አልቆርጠውም። እሷ መጥታ ትቁረጠው፣ ወይም ቁረጪው ትበለኝ፣ በአፏ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

42። ባለፈው የካቲት ከጀመርኩበት በሁለት ብቻ ይበልጣል።

የጓዳውን አንሶላ ቀየርኩ። ኮኩን በዘንቢል ሞላሁት፤ የበሰለውን ከላይ፣ ጥሬውን ከታች። ካሊፐሩን ለኤቢሴ ሰጥቼ እንዴት እንደሚለካ አሳየኋት። «የምመለሰው ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ አላውቅም፣ በየጠዋቱ ጻፊልኝ» አልኳት።

«በየትኛው ፊደል?» አለችኝ።

«በፈለግሽው።»

ዘንቢሉን እስከ በር ያዘችልኝ። ረዳቱ «አምቦ፣ አምቦ፣ አንድ ሰው» ይላል።

ቅዳሜ ነው። በዚህኛው መኪና ከሄድኩ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እደርሳለሁ።